አራት ነጥብ

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከመናኸሪያው በር
እስከ ፍርድ ቤት አጥር፣
ያረጀውን ንጣፍ በመሮ ስሰብር፣
ቢጫ ታይል በሲባጎ ልክ ስደረድር
ከረምሁ በጉልበቴ
ሰው ያልፋል በላዬ፤ «ለምን ይሆን ጌጡ?» ይላል፣ መልስ አይጠብቅም፤
ቢጠብቅስ? እኔም አላውቅም፤
ኢንጂነሩ ያለኝ
«ሰረዙ ያስኬዳል፣ ነጥቡ ያስቆማል» ነው፤ ሌላ አልነገረኝ

በሦስተኛው ቀን ግድም ጠበቃው መጡ፣
ሲባጎዬን በዘንግ ጫፍ ነካ አድርገው ሳቁ፤
«‹ልየው› ያሉኝ እናቴ ናቸው፣
ማን ማንን እንደሚያይ ሳያስቡበት»
ጫማቸውን አየሁት፤ ሶሉ አልቆ፣ ሳስቶ፣
ድንጋይ ላይ የወደቀች ፀጉር የሚለይ
«ምነው ጋሼ፣ ጠበቃ አይደሉ ወይ?
አዲስ ቢገዙስ?»
«ልጄ ለፋሲካ ገዝታልኝ ነበር፣ ወፍራም፣ ባለ ጎማ፤
ያኔ ነው የታወርሁት»

ከዚያ በርከክ አሉ፣ በመዳፍ ዳሰሱ፤
«ይኼ ረጅሙ፣ ሂድ ነው፤
ይኼ ጉብጉቡ፣ አራት ነጥብ፣
እዚህ ጋ ያልቃል ሐሳብ፤
የከተማችን ስም ራሱ መንገድ ነው፣ ነጥብ ግን አያውቅም፤
ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ
ቦይ ገብቶ ነው የሚያልቀው»

ካርታ ግን ካርታ ነው፣ ቀጥ ማለት ይወዳል፤
ሲባጎው ተወጥሮ የመብራት ምሰሶ ጋ ይደርሳል
«ቀጥል» አለ ኢንጂነሩ፣ «ዲዛይኑ እንዲህ ይላል»
ቀጠልሁ፤ የቀን ሠራተኛ ነኝ፤
ልጅ አለኝ፤
ታይሉን ከግንዱ ጋር አጋጥሜ ለጠፍሁ

ማክሰኞ ማለዳ መጡ፣
ዘንጋቸውን አጥፈው፣ ብብታቸው ሥር ይዘው፣
መሥመሩን አምነው፣
ማለት እኔን አምነው
ግንባርና ምሰሶ ሲገናኙ የሚወጣው ድምፅ
እስከ ዛሬ እንጀራ ስቆርስ ይመጣብኛል
አልጮኹም፤ ምሰሶውን አቅፈው ጥቂት ቆዩና፣
«የፊደል ግድፈት ነው» አሉኝ፣ «ታርሞ ይነበባል»

ማታውን ይበልጣል የሚሉት ባለባጃጅ መብራቱን ለቀቀልኝ፤
ሰባት ታይል ነቀልሁ፤ ምሰሶውን አዞርሁት መሥመሩን፣
ወንዝ ዐለት እንደሚዞር፤
ባለ ነጥብ ሁለት ተረፉኝ፣
ጆንያ ውስጥ ሸሸግሁ

ከተማውም ቢጫውን በየፊናው ወደደው፤
ሊስትሮው ሳጥኑን አኖረበት፣ ባለሱቁ የለስላሳ ሣጥን፤
እትዬ ጠጅቱ በርበሬ አሰጡበት፣ ለጥ ያለ ነውና
ጋሽ ልየው ደርሰው አስነጠሱ፣ አስነጠሱ፣ አስነጠሱ፤
«ይኼስ ምልክት የማይገባው ማን አለ?»
በማግሥቱ በርበሬው አንድ ክንድ ሸሸ፤
የለስላሳው ሣጥን እስካሁን እዚያው ነው

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሃያ እርምጃ ሲቀር በጀቱ አለቀ፤
መሥመሩ ክዳን የሌለው ቦይ አፋፍ ላይ ተሰነጠቀ፣
«ሂድ» እያለ፣ «ሂድ» እያለ
ሪባን ተቆረጠ፤ ፎቶ ተነሡ፤
እኔም አለሁበት፣ ከጥግ፣ ግማሽ ፊቴ

ሌሊት ጆንያዬን ይዤ ወጣሁ፣
ሲሚንቶ በጣሳ፣ ለቤቴ ደጃፍ ካስቀመጥሁት
መጀመሪያ ግን ጫማዬን አወለቅሁ፣
ዓይኔን ጨፈንሁ፣
ከምሰሶው ተነሥቼ የገዛ ሥራዬን በእግሬ አነበብሁ፤
ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ እዚች ጋ ተዛንፏል፣ የኔ ጥፋት ነው፣
ሰረዝ፣ ሰረዝ፣
የቦዩ ሽታ መጣ፣ ቆምሁ

እዚያው በርከክ ብዬ
ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኛኋቸው፤ በመዶሻ እጀታ መታ፣ መታ፤
ዝናብ እንዳይመጣ ሰማዩን ለመንሁ፣ ሰማይ ዝም አለ

ሲነጋ ዳናቸው ይሰማል፣ የሳሳው ሶል፤
ሂድ፣ ሂድ፣ ሂድ፣
ቁም።